ሽንት ቤት ማስመጠጥ፦ ሥራው አሪፍ፣ አሠሪው ዜሮ

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሁሉም ሰው አስተያየት ይጽፋል። ስለ ሽንት ቤት መምጠጫ መኪና የጻፈ ሰው ግን አላየሁም፤ እስቲ እኔ ልጻፍ።

ሰፈራችን የፍሳሽ መስመር አልገባለትም። እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ ያለን ጉድጓድ ነው፤ ሲሞላ ይመጠጣል፣ ሌላ መላ የለውም። የእኛ ደግሞ ክረምት ጠብቆ ነው የሚሞላው። ያኔ ሁሉም መኪና ፈላጊ ስለሆነ ተራው ይረዝማል፣ የግሎቹም ዋጋ ይሰቅላሉ። ስልካቸው የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እኛም ከዚያው አግኝተን ደወልን።

ጠዋት 3 ሰዓት ብለው 6 ሰዓት ሲሆን መጡ። መኪናው ቅያሱ ስለጠበበው አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ሁለት ረዳቶች ቱቦ እየቀጣጠሉ የጎረቤት አጥር ጥግ ጥጉን ይዘው ጉድጓዱ ድረስ አመጡት። ፓምፑ ሲነሳ ቀጭኑ ፍሳሽ ቶሎ አለቀ። ችግሩ ታች የረጋው ነው። እሱን ውሃ እየጨመሩ በረጅም እንጨት ማማሰል የግድ ነው፣ ያንንም ሳይነጫነጩ ሠሩት።

መሃል ላይ ቱቦው ተደፈነ። አንደኛው ልጅ ፈታውና እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ይጎትት ጀመር። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ ካልሲ፣ የሽንኩርት ፌስታል፤ ተከራይም አከራይም የጣለው ሁሉ ወጣ። ጓንት የለውም፣ እጁ ላይ ላስቲክ አስሮ ነው።

«ወንድሜ፣ ጓንት የለህም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቢሰጡን እኮ እናደርጋለን» አለኝ።

ማታ ለመኪናው ባለቤት ደውዬ ስጠይቀው «ስንሰጣቸው ይሸጡታል» ብሎ ዘጋው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪ ግዴታ ያደርገዋል። ግን ማን ይጠይቀዋል?

ይህን ሥራ ሰው የሚሸሸው ከሽታው የተነሳ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ እንደሚሉት ሽታው ይለመዳል። የሚያስፈራው ጋዙ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም የባሰው ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ሊያወጣ የገባው ተከትሎ የሚሞተውም ለዚህ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ልጆችን አርቁ፣ ሲጋራና ክብሪት አታስጠጉ፣ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝም አለበት።

ሌላው የሰዉ ዓይን ነው። ልጁ ውሃ ሲጠይቅ አንዷ ተከራይ በተቆረጠ ሃይላንድ አቀበለችው፤ ቤቱ ሙሉ ብርጭቆ እያለ። እሱ ምንም አልመሰለውም፣ የለመደው ነገር ነው። ሚስቱ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራ ነው የሚመስላት አሉ። ከእኛ ቤት ሲወጣም መጀመሪያ ያደረገው የቦኖ ውሃ ፈልጎ መታጠብና ልብስ መቀየር ነበር።

እና ነጥቤ ይኸው፦ ለሠራተኞቹ ከ5 አምስት፣ ጉድጓዱን ወለሉ እስኪታይ ጨርሰው ግቢውንም በበረኪና አጥበው ሄደዋል። ለቀጠሮ አክባሪነት 2። ለባለቤቱ ዜሮ።

የምትጠሩ ከሆነ ዋጋውን በቢያጆ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ አለበለዚያ «ጉድጓዱ ጥልቅ ነው» የሚባል ጭማሪ ይመጣል። የት እንደሚደፉም ጠይቁ። ማጣሪያ ጣቢያ ነው መድፋት ያለባቸው፤ ሌሊት ወንዝ ውስጥ ለቀው የሚሄዱ አሉና ርካሽ ዋጋ ስትሰሙ ተጠራጠሩ። ለሻይ የምትሰጡትን ደግሞ ለሹፌሩ ሳይሆን ራሱ ቱቦ ለያዘው ልጅ በእጁ ስጡት።

ረዳቶቹን ጓንትና ቦቲ ጫማ የሚያለብስ መኪና የምታውቁ ስልኩን ጻፉልኝ። ቢወደድም እከፍላለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰኔ ሳይገባ ማስመጠጥ አለብኝ።