ካሲዮፔያ ወይስ ጭልፋው፦ የሰሜኑን ሰማይ በየትኛው እንጀምር?

ሁለቱም የኮከቦች ስብስብ ናቸው፤ ለማየት ዓይንና ጨለማ ይበቃሉ።

ወቅት፦ ካሲዮፔያ በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በጠራ ሰማይ ከፍ ትላለች። «ትልቁ ድብ» በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው የጭልፋው ተራ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ደመና ያስቸግራል።

ቅርጽ፦ ካሲዮፔያ አምስት ኮከቦች ናት፣ የተገለበጠ «ሠ»። በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንግሥት ነበረችና ልቤ ወደ እሷ ያደላል። ሰባት ኮከቦች ያሉት ጭልፋም ውበት አለው፦ ከእጀታው ጫፍ ሁለተኛው ሚዛር ነው፤ ትኩር ብላችሁ ስታዩት ደብዛዛዋ አልኮር ከጎኑ ብቅ ትላለች።

አቅጣጫ፦ ጭልፋው ይበልጣል። ከእጀታው በተቃራኒ ጠርዝ ያሉትን የሁለቱን ኮከቦች ርቀት አምስት ጊዜ ብታራዝሙ የሰሜን ኮከብን ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ተራራ ሊጋርደው ይችላል።

በበጋ ከልጆች ጋር ለሚወጣ ካሲዮፔያ፤ ሰሜንን ለሚፈልግ ጭልፋው።