ለአባዬ ሲስተር ምስጋና፤ ድሬ ላይ ቤት ለቤት የምትሠራ ነርስ ለምትፈልጉ

የድሬ ልጆች፣ ቤት ድረስ መጥታ መርፌ የምትሰጥና ቁስል የምታጥብ ነርስ የምትፈልጉ ካላችሁ አንዲት ሲስተር ልጠቁማችሁ። ስሟ እዚህ እንዲነሳ ስላልፈለገች አልጽፈውም። ምስጋናውን ግን ልትከለክለኝ አትችልም።

አባዬ አዲስ አበባ የአንገት አከርካሪ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ነው የመጣው። የተሠራው በማጅራቱ በኩል ሳይሆን በፊት ለፊት፣ በጉሮሮው በኩል ነው። በዚያ በኩል ሲሠራ ሐኪሙ አጥንቱ ጋ ለመድረስ የምግብና የአየር ቧንቧውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መያዝ አለበት። በኋላ አካባቢው ያብጣል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ድምፅም ሊጎረንን ይችላል። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይቆያል። ሆስፒታሉ ሲያስወጣው ስለ አንገት ኮላሩና ስለ ቁስሉ እንጂ ስለዚህ ያነሳልን ሰው አልነበረም።

ቤት ሲገባ ምራቁን እንኳ ፊቱን አጨማዶ ነበር የሚውጠው። ውኃ ሲጎነጭ ትን ይለዋል። በድሬ ሙቀት ውኃ መጠጣት የፈራ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እዚሁ ከተማ ያለ ሐኪም መርምሮት፣ ኦፕራሲዮኑን ከሠራው ሐኪም ጋርም በስልክ ተማክሮ፣ እብጠቱን የሚቀንስ ዴክሳሜታዞን ለአጭር ጊዜ በመርፌ አዘዘለት። ዴክሳ ስቴሮይድ ነው፤ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። አባዬ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሲስተር ወደ ቤታችን የመጣችው ለዚህ ነበር።

መጀመሪያ የመጣች ቀን መርፌ አላወጣችም። የመድኃኒት ፌስታሉን አስመጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና አንድ በአንድ እያነሳች ማንበብ ጀመረች። ለሕመሙ እየፈጨን የምንሰጠው ዲክሎፌናክ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ይሄ ከዴክሳ ጋር አብሮ እንደሚሰጥ ዶክተሩ ያውቃል?» ለካ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጨጓራ የማቁሰልና የማድማት ዕድላቸው ይጨምራል። እዚያው እፊታችን ደውላ በፓራሲታሞል ሽሮፕ አስቀየረችው።

መርፌውን የምትሰጠው ቀስ እያለች ነው። ዴክሳ በደም ስር በፍጥነት ከገባ ታች፣ መቀመጫ አካባቢ የሚያቃጥልና የሚያሳክክ ስሜት ያመጣል አለች። ይሄኔ አባዬ ሳቅ ብሎ «አዲስ አበባም እንዲህ አድርጎኝ ነበር እኮ!» አይል! አፍሮ ለማንም ሳይናገር ኖሯል። የምትመጣው ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ለፀሐዩ ብቻ ብላ አይደለም፤ ማታ ከተሰጠ እንቅልፍ ይነሳል። ከመርፌው በፊት ስኳሩን ትለካለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ከፍ ያለ ቀን ለሐኪሙ ደወለች፣ እሱም የስኳር መድኃኒቱን አስተካከለለት።

አበላሉንም ያሳየችን እሷ ናት። ሰው ሁሉ ቀጭን ነገር ይቀላል ይላል፤ ትን የሚለው ሰው ላይ ግን ቀድሞ ወደ አየር ቧንቧ የሚያመልጠው ውኃው ነው። ስለዚህ ወፈር ባለ አጥሚት አስጀመረችው። ቀጥሎ እርጎ፣ ከዚያ በደንብ የላመ ፓፓያ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይጠጋም። እየበላ ማውራት የለም፣ ቴሌቪዥኑም ይጠፋል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም አይልም። ሲያወራ ድምፁ ውኃ እንደቋጠረ ከሆነ ወይም ካሳለው አቁሙ አለችን። አንገቱ በድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካተኮሰው ደግሞ «እኔን አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል» ብላ ነው የሄደችው።

መዋጡ ቀለል ሲለው ጠያቂው ሁሉ የዴክሳ አድናቂ ሆነ። «ትንሽ ይጨመርለትና ቶሎ ይዳን፣ ፋርማሲ ሞልቶ የለ» የሚል ዘመድ አልጠፋም። ሲስተር በጨዋ አንደበት እምቢ አለች። ሲረዝም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ የአጥንቱን መያያዝም ያዘገያል፤ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት እኮ የታሰረው አጥንቱ እስኪያያዝ እንዲይዘው ነው አለቻቸው። ለኔ ከመርፌ አወጋጓ በላይ ይሄ እምቢታዋ ነው ነርስ ያሰኛት። ክፍያ የምታገኝበትን ነገር አይሆንም የሚል ሰው ስንት አለ?

አባዬ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረው። መዋጡ ገና ሳይስተካከል ስለ በርጫው ነው የሚያስበው። «ጫት መቼ ነው የምቅመው?» አላት። «መጀመሪያ እንጀራውን ይዋጡልኝ አባባ፣ ስለ ቅጠሉ ዶክተሩን ይጠይቃሉ» ብላ አሳቀችን። አሁን እንጀራውን ወጥ አርሶ፣ በትንሽ በትንሹ ይበላል። ደረቅ ዳቦ ገና ነው፣ ድምፁም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

እንግዲህ ሁሉንም ልንገራችሁ፤ ተረኛ በሆነች ሰዓት ስልክ አታነሳም፣ መልእክት ጻፉላት። የባጃጅ ሒሳብ ለብቻው ነው። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ለገሃሬ ትሄዳለች። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የሐኪም ማዘዣ ሳትይዙ ዴክሳ እንድትወጋላችሁ ከሆነ ግን አትደውሉላት፣ እኔም ስልኳን አልሰጥም።