ያልታሸ ሱፍ ለካፖርት እንዳትገዙ

ክረምት ሊገባ ሲል «ንጹህ ሱፍ» እየተባለ በሜትር በርካሽ የሚሸጥ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ አለ። ሲዳስሱት ይለሰልሳል። ጉዱ የሚወጣው ልብስ ሰፊው የእንፋሎት ካውያ ሲያሳርፍበት ነው፤ ጨርቁ ይሟሽሽና ጥፋቱ በእሱ ይላከካል።

ሱፍ ከሽመና ሲወርድ ሳሳ ያለ፣ የመፍተያ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ በሞቀ የሳሙና ውሃ፣ ትንሽ ሶዳ ተጨምሮበት፣ ዘይቱ እስኪለቅ ይታጠባል። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፦ እርጥቡ ጨርቅ በሳሙና እየተጨመቀና እየታሸ የሱፉ ፀጉር እርስ በርሱ እንዲያያዝ ይደረጋል። በ2 ሜትር ወርድ የገባው 1.5 ሜትር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሩቡ ወርድ ሄደ ማለት አይደል? አጭበርባሪው የሚዘለው ይህችኑ ነው።

ሳያሹት በሽቦ ብሩሽ ፀጉር ያወጡለትና ወፍራም ያስመስሉታል። ቀጥሎ ዳር ዳሩን በመርፌ ይዞ በሚወጥር ማድረቂያ ከልኩ በላይ ስበው ያደርቁታል። (ዳሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ጥሩውም አለው።) የተሳበው እንፋሎት ሲያገኝ ይመለሳል። ከ3 ሜትር ላይ 6 በመቶ ቢሰበሰብ 18 ሳንቲሜትር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ 25 ሳንቲሜትር ብቻ አስቆርጡ። በድሩም በማጉም አቅጣጫ 20 ሳንቲሜትር ለክታችሁ በክር ምልክት ስፉበት። እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ ተኩሱት፤ ሳትጎትቱት ተዘርግቶ ይድረቅ። 19.5 ከሆነ ይሁን፣ 19 ከሆነ ተዉት። ፀጉሩን በጥፍር ገለጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታዩት ድርና ማጉ እንደ ወንፊት ከታየ አልታሸም። ነጭ ወረቀት ደርባችሁ በሞቀ ካውያ ስትጫኑት ቢጫ ቅባት ካተመ ደግሞ እጥበቱም የይድረስ ይድረስ ነው፤ ውሎ አድሮ ይከረፋል፣ አቧራም ይይዛል።

«ሱፍ» በእኛ አፍ የበጉም ፀጉር ነው፣ ኮትና ሱሪውም ነው፤ ሻጩ «ሱፍ ነው» ቢል በአንድ በኩል አልዋሸም። ከድሩና ከማጉ ለየብቻ ክር መዝዛችሁ በረኪና ውስጥ ንከሩ። ሱፉ ቆይቶ ይሟሟል፣ ጥጥና ፖሊስተር ግን ይቀራል። ማጉ ሱፍ፣ ድሩ ፖሊስተር የሆነ ያጋጥማል። መስኮት ክፈቱ፤ በረኪናውን ከኮምጣጤም ከሎሚም ጋር አታገናኙት።

ገዝታችሁት ከሆነ መቀስ ሳያርፍበት በረጠበ አንሶላ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፣ ሳትሰቅሉ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ እንደገና ለኩት። ለካፖርት ካልበቃ ጃኬት አሰፉበት።