ልጄን ከወር ወር ስቃይ ለገላገለችልኝ ሲስተር

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ወር አበባ ያየችው በ13 ዓመቷ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አላመማትም። ዓመት ሲሞላት ግን ቁርጠቱ ጀመራት። ያስመልሳታል፣ ያልባታል፣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትጠቀለላለች። በየወሩ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። እኔም እናቴ ያለችኝን ነበር የምላት፤ «ስትወልጂ ይለቅሻል»። አሁን ሳስበው ያመኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ብዙ ብር ከፍለን የሆርሞን ምርመራ አደረገች። «ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞኗ ዝቅ ብሏል፣ ተዛብቷል» ተባልን። ያን ቀን ማታ «መውለድ አልችልም ማለት ነው?» ብላ አለቀሰች። በዚህ ዕድሜዋ!

ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ የሄድነው ጎረቤቴ ጠቁማኝ ነው። የወጣቶች ክፍል አለው። እዚያ ያገኘናት ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናት። ገና እንደገባን «እናቷ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፍቶኝ ነበር። ልጄ ግን ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ነገረቻት። ህመሙ መቼ እንደሚጀምራት፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደምትቀይር፣ ፔሬድ ሳይኖርም ያማት እንደሆነ።

ከዚያ እኔን ጠራችኝና የምርመራውን ወረቀት አየች። «ደሙ የተቀዳው ፔሬዷ በመጣ በስንተኛው ቀን ነው?» አለች። ይህን እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀንም። በአምስተኛው ቀን ነበር። «ፕሮጄስትሮን በዚያ ቀን ዝቅ ማለት ያለበት ነው፤ ከፍ የሚለው እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው» አለችን። ልጄ እፎይ ስትል አየኋት።

ቁርጠቱን የሚያመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር መሆኑን በሥዕል አስረዳችን። ማህፀን ሽፋኑን ሲያራግፍ ይመነጫል፣ ማህፀኑንም አጥብቆ ያኮማትረዋል። ማስመለሱም ከእሱ ነው። እንቁላል መውጣት ሳይጀምር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ህመም የለም፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ያላመማት።

ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም እንዳለባት ከጠየቀች በኋላ ሐኪሙን አማክራ አይቡፕሮፌን የሚባል የህመም ማስታገሻ ታዘዘላት። 400 ሚሊግራም፣ ምግብ ከበላች በኋላ፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነበር። እኛ እኮ የምንሰጣት ህመሙ ካየለ በኋላ ነው፣ እሱንም አንድ ፍሬ ብቻ! «ምልክቱን እንዳየሽ ጀምሪ፣ ቁርጠቱን አትጠብቂው» አለቻት። ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ እንድትይዝም ነገረቻት። ለልጆቻችሁ መጠኑን ግን እዚያው ጠይቁ። በ3 ወር ካልተሻላት ወይም ከፔሬድ ውጭ ካመማት አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልጋት፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው በሽታ (የማህፀን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲያድግ ነው) በወጣቶችም ላይ እንደሚገኝ አልደበቀችንም።

መድኃኒቱን እንዲህ መውሰድ ከጀመረች አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው። ያለፈውን ፈተና የተፈተነችው በፔሬዷ ሁለተኛ ቀን ነው፤ ተቀምጣ ጨረሰች።

ሲስተር ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ነው ዝም ያልኩት። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ሌላ ሰፈር ያላችሁም ጤና ጣቢያችሁ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ «የወጣቶች ክፍል አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ጋ አለ። ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር አንቺ ጋ የመጣችው ልጅ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ እሷም እንደ ልጄ ስትሰቃይ የኖረች ናት።