ዶልፊኔን ያስገመትኩበት የድሬዳዋ ጋራዥ

ለዓመታት ያገለገለኝን ዶልፊን ሚኒባስ ልሸጥ ባሰብኩ ጊዜ የመጥሪያ ዋጋውን መወሰን ስለቸገረኝ፣ ሳቢያን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወስጄ አስመረመርኩት። ደላሎች የሚጠሩልኝ ዋጋ እንደየጥቅማቸው ይለያይ ነበር፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የድሮ ሽያጭን መነሻ ማድረግ አያዋጣም።

ከሁሉ ያደነቅኩት የመንገድ ሙከራቸውን ነው። መካኒኮቹ የሞተሩን ድምፅ ቆመው በማዳመጥ ሳይወሰኑ፣ መኪናውን ጭነት አሸክመው በእኩለ ቀን ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት አወጡት፤ ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ጤነኛ የሚመስል ሞተር የሙቀት ችግር ካለበት የሚጋለጠው እዚያ ነውና። ራዲያተሩና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ደህና ሆነው ሲገኙ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ግን እንደሚንሸራተት ታወቀ። ስለዚህ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካሉ መኪኖች ወቅታዊ ዋጋ ተነሥተው፣ የፍሪሲዮኑን፣ የሁለት ጎማዎችንና የእጅ ዋጋውን ቀነሱ። ለወንበር ልባስና ለቴፕ ያወጣሁትን ልደምር ስል ገዢ ለዚያ እንደማይከፍል ነገሩኝ፤ ቅር ቢለኝም እውነታቸውን ነው።

ጉድለታቸው ሊብሬውን ለማየት አለመጠየቃቸው ነው፤ የሰሌዳው ኮድና የባለቤትነት ሰነዱ ንጹሕ መሆን የዋጋው አካል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም ነበር። ግምቱንም የጻፉልኝ ማኅተም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው። በግምታቸው ላይ ለድርድር ያህል አምስት በመቶ ጨምሬ ጠራሁ፤ መኪናውም ከግምታቸው ብዙ ሳይርቅ ተሸጠ።