አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ፦ በስራ ላይ ያለ ፖሊስና የለቀቀ ፖሊስ

በ2004 ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሌኦሳ የሚባለው የፌደራል ህግ ሁለቱንም ይሸፍናል፣ ማለት ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ፖሊስ ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባ የዲሲ ፈቃድ ሳያወጣ ሽጉጡን ጃኬቱ ስር ይዞ መሄድ ይችላል። መስፈርቱ ግን በጣም ይለያያል።

በስራ ላይ ያለው ቀለል ይልለታል፤ ፎቶ ያለበት የመስሪያ ቤት መታወቂያ ከያዘ፣ የመስሪያ ቤቱን የተኩስ ፈተና ካለፈና ከፖሊስነቱ ሊያሳግደው የሚችል የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሌለበት ይሄዳል።

ጣጣው የለቀቀው ጋ ነው። በስራው ምክንያት ጉዳት ደርሶበት ካልወጣ በቀር በድምሩ 10 አመት ማገልገል አለበት፣ በፊት 15 ነበር በ2010 ነው የቀነሱት፣ ሲለቅም ያለ ችግር መሆን አለበት፣ መታወቂያው ብቻውን ደሞ አይበቃም፣ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በራሱ ወጪ ተኩስ ተፈትኖ ያለፈበት ማስረጃ ያስፈልገዋል። የፈተናው ጊዜ ካለፈ የሌኦሳ ሽፋን የለውም፣ ሌላ ፈቃድ ከሌለው "ፖሊስ ነበርኩ" ማለት አያድነውም። እኔ ፈተናው መኖሩን እደግፋለሁ፣ እጅ ካልተለማመደ ይረሳል፣ ግን ስንት አመት ያገለገለን ጡረተኛ ከኪስህ ክፈል ማለት አይዋጥልኝም።

በመጠጥ ተጽዕኖ ስር ከሆኑ ሁለቱም ሽፋኑን ያጣሉ። የግል ቦታ ባለቤት አታስገቡ ካለም ህጉ አያስገድደውም፣ ስለዚህ ሬስቶራንት በር ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ ነው።