ልጆች ይዛችሁ ዱባይ ለመሄድ ያሰባችሁ ጎንደሬዎች፣ መጀመሪያ ቁመታቸውን ለኩ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጽሁፍ ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ዛሬ ሱቁ ቀዝቀዝ ስላለ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ልጅ ላመሰግን ነው። ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ የጣሊያን ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከሦስት ወንበር በላይ በማይዝ ክፍል ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት የምትቆርጥ ልጅ ናት። ስሜን እንዳትጠሪው ብላኛለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አሳያችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ሰባት ዓመቷ። ትንሹን ልጄን በስልክ እንጂ በአካል አይታው አታውቅም። እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት እቁብ ጥለን እጣው ሲደርሰን፣ እሷ መምጣት ካልቻለች እኛ እንሂድ አልን። ልጆቹ ደግሞ የዱባይን የልጆች መጫወቻ ቦታ በስልክ አይተው አይተው ካርታውን ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት። አማቴ ሲሰሙ "የፋሲልን ግንብ መቼ አይተው ጨረሱና ነው አረብ አገር የሚሄዱት?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ልባችን ተነስቶ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ሌላ ቢሮ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ማኪያቶ አዘዘልን፣ ወንድሜ እህቴ አለን፣ በስድስት ቀን አምስት መጫወቻ የሚያስገባ ጥቅል አወጣልን። ዋጋው እቁባችንን ጠራርጎ ብድር የሚያስገባ ነበር። እንደ ሞኝ ቀብድ ሰጠን። ማታ ቤት ገብተን ስናሰላው ደነገጥን። ቀብዱን ለማስመለስ ወር ሙሉ ተመላለስን፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። እሱን ትቼዋለሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ ይችን ልጅ ጠቆመችን። ስንገባ መብራት ጠፍቶ በስልኳ ብርሃን ደረሰኝ ትጽፋለች። ማኪያቶ የለ፣ ፈገግታም እምብዛም የለ። የሰውየውን ወረቀት ሰጠናት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"ልጆቹ ቁመታቸው ስንት ነው?" አለች።

ዕድሜያቸውን ነገርናት።

"ዕድሜ አይደለም እታለም፣ ቁመት ነው የጠየቅኩሽ።"

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሚውለው፣ ያን ቀንም ረስቶት እንዳንጠለጠለ መጥቷል። የስንቱን ጎንደሬ ወገብና ትከሻ በቃሉ ያውቃል፣ የራሱን ልጆች ቁመት ግን አያውቅም። ልጅቷ ሜትሩን አይታ ሳቀች። ልጆቹን ጫማ አስወልቃ ከበሩ መቃን ጋር አስጠጋቻቸው። አናታቸው ላይ ደብተር አስተኝታ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ትልቋ 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር። ትንሹ 1 ሜትር ከ2። እሱ ትልቅ ለመባል በእግሩ ጣት ሊቆም ሲል ትከሻውን ጫን አደረገችው።

"አትንጠራራ አንተ። ማጠርህ ለአባትህ ይጠቅመዋል።"

እነዚህ ቦታዎች ላይ የሚያስጋልበውና የማያስጋልበው በቁመት ነው የሚለየው። ሰውየው አምስት ቦታ ሲሸጥልን ይህን አንዴም አላነሳውም። ለምሳሌ ፌራሪ ወርልድ አቡ ዳቢ ነው ያለው፣ ከዱባይ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራ ትልቅ ቦታ ነው፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበር የመጫወቻ ባቡር አለው። "ይህን ባቡር ብሎ ነው ሰው የሚሄደው፣ የእናንተ ልጆች ግን አይደርሱበትም። ቆመው እንዲያዩ ነው የምትከፍሉላቸው?" አለችን። ሌጎላንድ ደግሞ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የተሠራ ነው፣ በዕድሜ ለእኛ ልክ ነበር። ግን አብዛኛው ሜዳ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የደጋ ልጅ ይዞ እዚያ ፀሐይ ላይ መሰለፍ አይሆንም አለች።

የቀረው አንድ ነው፣ እዚያው ዱባይ ያለው አይ ኤም ጂ የሚባል መጫወቻ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ ጣራ ሥር የሆነ፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው ቦታ ነው። የካርቱን ሰፈር አለው፣ የማርቭል ጀግኖች አሉት፣ የሚያገሳ ዳይኖሰር አለው። ከ1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በነጻ ይገባል። የትንሹ ትኬት በእርሳስ ምልክት ተሰረዘ ማለት ነው። ከአምስት ቦታ ወደ አንድ ወረድን። ትኬት ሻጭ ሆና ትንሽ ሸጠችልን። ያመንኳት እዚያ ላይ ነው።

ወቅቱንም ያስመረጠችን እሷ ናት። እኛ ሙቀቱን ፈርተን ጥር ላይ ብንሄድ ብለን ነበር። "ጥር ላይ ጥምቀት ሲደርስ የጎንደር አልጋ ምን ይሆናል?" አለች። ሰማይ ይነካል። ዱባይም ዋጋው የሚወደደው በብርዱ ወራት ነው፣ የዓለም ቱሪስት የሚጎርፈው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ሰው ሲያባርር ሆቴሉ ይረክሳል፣ ቅናሹ ይበዛል፣ ብዙ ሆቴል ልጆችን ከወላጅ ጋር በነጻ ያሳድራል። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ያኔው ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከሐምሌ 8 እስከ መስከረም 5 ባለው ጊዜ ከወላጅ ጋር ለሚሄድ ከ18 ዓመት በታች ልጅ የቪዛውን ክፍያ ያነሱበት ደንብ አላቸው። የአገልግሎትና የኢንሹራንስ ክፍያው ይቀራል፣ ቢሆንም ለሁለት ልጅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሰውየው ሰኔ መጨረሻ ላይ ሊልከን ነበር!

ፍልሰታ ሳይገባ እንድንመለስም አድርጋ ቀኑን ቆረጠችው። ያኔ ነው "ረቡዕና ዓርብ የሆቴል ቁርስ ትበላላችሁ?" ብላ የጠየቀችን። አንበላም። "እንግዲያ ለማትበሉት እንቁላል ለምን ትከፍላላችሁ?" ብላ ቁርስ የሌለው፣ ግን ትንሽ ማብሰያ ያለው ክፍል ዴይራ የሚባል የዱባይ ሰፈር ውስጥ ያዘችልን። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይዘን ሄድን። ማታ ማታ ሽሮ ሠርተን እንበላ ነበር። እንጀራ ሲያምረን ደግሞ ዴይራ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ክፍሉን ስትይዝልን በየሌሊቱ ሆቴሉ ላይ የምትከፈል ቱሪዝም ድርሃም የምትባል ነገር እንዳለች፣ መጀመሪያ ባየነው ዋጋ ውስጥ እንዳልተካተተች ነገረችን። ትንሽ ናት፣ ግን ሳያውቁት ሲመጣባቸው ከሆቴል ጋር የሚጣሉ ሰዎች አይቻለሁ።

የአውሮፕላኑን ነገር ባጭሩ ልበል። ከጎንደሩ ኤርፖርት ከአዘዞ እስከ ዱባይ በአንድ ትኬት ነው የቆረጠችልን። ለየብቻ መቁረጥ አንዳንዴ የሚረክስ ይመስላል። ግን በክረምት የጎንደር ደመና አይታመንም፣ በረራው ዘግይቶ የቦሌው ካመለጣችሁ በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ ወደ ሌላ በረራ ያዛውራችኋል። ለየብቻ ከሆነ ጣጣው የራሳችሁ ነው። ቀን የሚደርስ በረራም መረጠችልን፣ ሜትሮ የሚባለው የከተማው ባቡር ሌሊት ስለማይሠራ። ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ገና በሩን ስትከፍቱት 25 ድርሃም ይላል። ሜትሮው ግን ከተርሚናሉ ተነስቶ ዴይራ ያወርዳችኋል።

ስለ ሜትሮው ትንሽ ላውራ፣ ልጆቹ ከመጫወቻው እኩል የወደዱት እሱን ነው። ሾፌር የለውም። ፊት ለፊት ከቆማችሁ ሐዲዱ ወደ እናንተ ሲመጣ ይታያል። ኖል የሚባል ካርድ ትገዛላችሁ፣ 25 ድርሃም ነው፣ 19ኙ ለጉዞ የሚሆን ነው። ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 7 ከ50 ድርሃም ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ ስላለ እኔ ከልጆቹ ጋር እዚያ እገባለሁ፣ ባለቤቴ ወደ ሌላው ፉርጎ ይሄዳል። ሜትሮ ውስጥ መብላት ግን 100 ድርሃም ያስቀጣል። ልጅቷ ይህን ሁለቴ ነግራን ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጄ ቀስ ብላ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አወጣች። ገና አንዷን ወደ አፏ ስታስጠጋ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ማስታወቂያው ጠቆመቻት። ልጄ ደንግጣ እጇን ስትዘረጋ ዳቦ ቆሎው ፉርጎው ሙሉ ተንከባለለ። ሦስታችን ተንበርክከን ስንለቅም ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ሳንቀጣ ወረድን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ እህቴ። የዕረፍት ቀኗ እሁድ ነው። ልጅቷ ደግሞ ከመጀመሪያው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ግቡ እያለች ነበር። እዚያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ መጫወቻው የሚጨናነቀው ያኔ ነው። በሥራ ቀን ሰልፉ አጭር ስለሚሆን ተጨማሪ ከፍሎ ሰልፍ የሚዘለልበትን ትኬት መግዛት አያስፈልግም። ስለ እህቴ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሰባት ዓመት ኖራ ገብታ ታውቃለች?" አለች። አታውቅም። የአሠሪዎቿን ልጆች ቦርሳ አዘጋጅታ ትሸኛለች እንጂ። ልጅቷ የሰውየውን ወረቀት ገልብጣ ጀርባው ላይ መደመር ጀመረች። የተውናቸው አራት መጫወቻዎች፣ የትንሹ መግቢያ፣ የልጆቹ ቪዛ፣ ቁርሱ፣ ታክሲው። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። "እሁድ ግቡ። ከዚህ ላይ ለእሷ ትኬት ቁረጡላት።" ያን ሁሉ ጊዜ ገንዘብ አውጡ ያለችን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ትኬቱን እዚሁ ጎንደር ሆነን ከድረ ገጹ ገዛችልን፣ በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ለእሷ ሥራ የከፈልነውን ለብቻው ጽፋ አሳየችን። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፖስታ አዘጋጁ፣ የቀኑ ድርሃም ካለቀ አለቀ በሉ አለችን። ድርሃሙ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ዶላር 3 ከ67 ድርሃም ገደማ ነው። እዚያ ሆናችሁ ወደ ብር አትመንዝሩ፣ ውሃ እንኳን መጠጣት ያስጠላችኋል ብላን ነበር። ባለቤቴ ግን አንዴ መንዝሮ የግማሽ ቀን ፊቱ ጠቆረ።

እሁድ በር ላይ የቁመት መለኪያ አለ። ትንሹ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቆመ። ወዲያው ተረከዙ ከመሬት መነሳት ጀመረ። አባቱ ከኋላ ትከሻውን ጫን! በነጻ ገባ። ውስጡ ግን ብርዱ ለጉድ ነው። ይህን አልነገረችንም፣ ቅሬታ ካለኝ እሱ ነው። ውጭ እንደ ምጣድ እየጋለ ውስጥ ልጁ ይንቀጠቀጣል። ነጠላዬን አጥፌ ጠቀለልኩት፣ ዳይኖሰሩን ያየው እንደ ክርስትና ሕፃን ተጠቅልሎ ነው። የውጭ ምግብ ስለማያስገቡ በደንብ በልተን ነው የገባነው። ቢሆንም ቀትር ላይ ለአምስት ሰው የበላነው የሁለት ቀን ፖስታ ወሰደ። በሌላው ቀን በነጻ የሚታየውን አየን። የዱባይ ሞልን ትልቁን የዓሣ መስታወት ከውጭ ሆኖ ማየት አይከፈልበትም። በጀልባ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ መሻገር 1 ድርሃም ነው። ልጆቹ አምስት ጊዜ ተመላለሱ።

እህቴ በፍጥነት የሚሮጠው መጫወቻ ላይ ከትልቋ ጋር ወጣች። ስትወርድ ሻሿ ወልቆ እጇ ላይ ነበር። "ድገሚኝ" አለች ለልጄ።

ሌላ ደካማ ጎኗን ልናገር፣ ለምስጋና ብዬ አልዋሽም። ቴሌግራም ቶሎ አትመልስም። በበዓልና በወር ገብርኤል ቢሮው ዝግ ነው። ቀጥ አድርጋ ስለምትናገር የሚቀየም ሰው ሊኖር ይችላል። ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ሳይረፍድባት። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሜትር አያስፈልጋችሁም፣ ባለቤቴ አንድ ሰጥቷታል። የልጆቼ የእርሳስ ምልክትም መቃኑ ላይ አለ።

ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቆሎ ይዤላት ስሄድ ትንሹን እንደገና ለካችው። 1 ሜትር ከ4 ሆኗል።

"አንድ ሳንቲ ሜትር ነው የቀራችሁ" አለችኝ። "ሁለተኛ እቁብ ጀምራችኋል?"